ውሃ ያልጠገበ ጣውላ

ወረቀቱ ላይ ያለችው ጀልባ ግማሽ ነበረች።

አባቴ የሥራ ጠረጴዛውን ሰጋቱራ በክንዱ ጠርጎ ወረቀቱን ሲዘረጋ አገጬን ጠርዙ ላይ አስደግፌ አየኋት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀች፣ አንድ ጎን ብቻ ያላት ጀልባ ናት። በሌላው በኩል ባዶ ወረቀት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያልገባኝን ሁሉ ገባኝ የምልበት ዕድሜ። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ግማሹን መሥራት ነው፣ የቀረውን ደግሞ ኤሱማ በዚያ በኩል ይሠራዋል ብዬ ደመደምኩ። ኤሱማ የምለው የእናቴን ታናሽ ወንድም ሀቢቡላህን ነው፤ እኛ ቤት የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ በኦሮምኛ ነው። ጀልባዋ የምትሠራውም ለእሱ ነበር።

«ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ በምን ነው የሚጣበቁት?» አልኩት አባቴን።

አባቴና ጋሼ ጎሳዬ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። አባቴ ወደ ቤት ገብቶ የእናቴን የኡሚን መስታወት አመጣና ጀልባዋ በተቆረጠችበት መስመር ላይ አቆመው። ጀልባዋ ሙሉ ሆነች። ከበላይዋ የእኔ ግንባርና የአባቴ ጢም ይታያል።

«ሌላው ጎኗ ያው ራሱ ነው» አለኝ ጋሼ ጎሳዬ። «ሁለቴ መሳል ወረቀት መጨረስ ነው።»

ጋሼ ጎሳዬ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ዝዋይ ላይ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ያመጣውም እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዓሣ ሲጠብስ ኡሚ በመስኮቱ በኩል «ጎሳዬ፣ በአላህ፣ በርህን ዝጋ!» ትለዋለች፤ እሱም ለእኔ አንድ ቁራጭ በሳህን ይልክልኛል።

አባቴ ቲጃኒ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ እንጨት ሠሪ ነበር። መኖሪያችንና መሥሪያ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ በር ነው፤ ኡሚ ቀኑን ሙሉ በዚያች በር ብቅ እያለች ትመለሳለች። የጅማን በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ይፈለፍላል፤ አልጋና ቡፌም ይሠራል። የሚኮራው ግን በመጋጠሚያው ነው። ሁለት ጣውላ ገጥሞ ሲጨርስ ይጠራኝና ከራሴ ላይ አንድ ፀጉር ይነቅላል። ፀጉሩን በጣውላዎቹ መሃል ለማስገባት ይሞክራል። አይገባም። «አላሳልፍም አለች!» ይልና ይስቃል። ያመኛል፤ ግን ከሌላ ልጅ ራስ ላይ ቢነቅል እቀና ነበር። ስንቱ የሄርማታ አልጋ በእኔ ፀጉር እንደተፈተነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀልባ ያስፈለገው አዲስ የተሠራው ግድብ ውሃ ከአሰንዳቦ ከተማ ወዲያ ያለውን ሸለቆ ሲሞላው ነው። የኤሱማ ቤት ወዲህ፣ ማሳው ወዲያ ቀረ። ዞሮ መሄድ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰው ግንድ ከግንድ እያሰረ ይሻገራል። ኤሱማ ቤታችን መጥቶ «አልጋ ትሠራ የለ እንዴ? ለእኔ ደግሞ ውሃ ላይ የሚውል አልጋ ሥራልኝ» ብሎ አባቴን ሲጠይቀው እየሳቀ ነበር። ኡሚ ግን አልሳቀችም። «ወላሂ፣ ወንድሜ በግንድ አይሻገርም» አለች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ጣሪያ ሥር ለዓመታት ሲደርቅ የኖረው ዝግባ ወረደ። ጋሼ ጎሳዬ ከሥራ ሲመለስ እጅጌውን ይሰበስብና ወረቀቱን እያየ ይለካል፣ አባቴ ይቆርጣል። የጀልባዋ የጎድን አጥንቶች ቆሙ። «የጎድን አጥንት» የሚለውን ስም ስሰማ ደስ አለኝ፤ የራሴን ቆጠርኩ። ጣውላው እንዲታጠፍ የፈላ ውሃ ሲደፉበት ግቢው በሙሉ ዝግባ ዝግባ ይሸታል። ሰፈሩ ይመጣል፣ ያያል፣ ይመክራል። ሄርማታ ውስጥ ጀልባ የሠራ ሰው ባይኖርም ምክር ግን አልጠፋም።

አባቴና ጋሼ ጎሳዬ የማይግባቡት በአንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጣውላዎቹን እንዲህ አጥብቀህ አትግጠማቸው» ይላል ጋሼ ጎሳዬ። «በመሃላቸው ትንሽ ተው። ጥጥ ነው የሚገባበት፤ እሱም ላላ ብሎ።»

«ክፍተት ተው ነው የምትለኝ?»

«ክፍተት አይደለም፤ መተንፈሻ ነው።»

«ጎሳዬ፣ በሕይወቴ ክፍተት ትቼ አላውቅም። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን አገባው? የሚፈርደው ውሃው ነው።»

አባቴ ብዙ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ «እሺ፣ ወረቀቱ እንዳለው ይሁን» አለ። እኔ እንጨቱ ይተነፍስ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። ጋሼ ጎሳዬ እያሞኘን ነው ብዬ አሰብኩ።

ጀልባዋ ስታልቅ በፈረስ ጋሪ ላይ ተጭና ወደ ቦዬ ሄደች። ቦዬ ከከተማው ዳር ያለው ረግረግ ውሃ ነው፤ ጉማሬ ለማየት እሁድ እሁድ ሰው ይወጣል። የሄርማታ ልጆች ግማሹ ጋሪውን ተከትለው ሮጡ። ዳቦ ቤት ያላቸው ሰዎች ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚማረው ፍሬአብም ነበር። እኔ ጋሪው ላይ፣ ጀልባዋ አፍንጫ አጠገብ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ።

ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ገባች። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ወጣባት፤ ቆመ፣ እጁን ለሕዝቡ አነሳ። ከዚያ ወደ እግሩ አየ። ውሃው በአንድ ቦታ አይደለም የገባው፤ በየመጋጠሚያው ሁሉ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ፤ ከፍ አለ። አባቴ መሃል ላይ እጁን እንደዘረጋ ጀልባዋ ሥሩ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ከዳር ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«ወንፊት!» አለ ፍሬአብ። «ጋሽ ቲጃኒ ወንፊት ሠሩ!»

ጋሼ ጎሳዬ ብቻ ደስ እንዳለው ቆሟል። «ተዋት፣ ትጠጣ» ይላል። «ደረቅ እንጨት እኮ ነው። ሸምበቆው ሥር ትሰንብት፤ ውሃ ስትጠግብ ታብጥና ራሷ ትዘጋዋለች።» እኔም ስወድቅ «ሆን ብዬ ነው» እላለሁ፤ የእሱም ነገር እንደዚያ መሰለኝ። አባቴ እስከ ጉልበቱ ርሶ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ጀልባዋ ሸምበቆው ሥር ታስራ ቀረች። እኔ በኋላው እየሄድኩ የጫማውን የጭቃ ድምፅ እሰማ ነበር። በአባቴ ያፈርኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሜ ተቀየረ። ሳቢሪን ቀረና ወንፊት ሆንኩ። ልጆቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ዱቄት እንደሚነፋ ሰው ሁለት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ፍሬአብ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ «ሽክ ሽክ ሽክ» ይላል። እየባሰ እንጂ እየተወ አልሄደም፤ ትምህርት ቤት አልሄድም አልኩ። ምግብ አልበላም አልኩ። ጋሼ ጎሳዬ በዚያ ሰሞን ቤተሰቡ ጋ ዝዋይ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀስኩ መጥቼ ቀጥታ አባቴ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

«ሰው ሁሉ እየሳቀብን ነው!» አልኩት። «አውጣትና ድፈናት!»

«ትንሽ ታገሺ፣ የእኔ ልጅ። ውሃ እስክትጠግብ ነው።»

«ጀልባ መሥራት ካልቻልክ ለምን ሠራህ?»

አባቴ መሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኡሚ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇ ሊጥ ነክቷል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው። እኔ እየተንሰቀሰቅኩ ስለነበር የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። አባቴ መለሰላት፤ እሷም ደገመችው። ከዚያ ተነሳ፣ ሁለት ተሸካሚዎች ጠራና ወደ ቦዬ ሄደ።

ያኔ አባቴ የነቃ መሰለኝ። የጋሼ ጎሳዬን ወሬ ትቶ ወደ ራሱ ሙያ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ። ጀልባዋ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ተገልብጣ ደረቀች። ጥጡን ከየመጋጠሚያው ነቅሎ አወጣ። በምትኩ ቀጫጭን እንጨት እየላገ በኮላ ደፈነበት፤ በላዩ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ሬንጅ። የሬንጁ ሽታ ለሳምንታት ከልብሳችን አልለቀቀም። ሲጨርስ ጠራኝ። ፀጉሬን ነቀለ፤ ሞከረ። አልገባም።

«አላሳልፍም አለች» አለ። ግን አልሳቀም። ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ቦዬ ላይ ጀልባዋ አንዲት ጠብታ አላስገባችም። ፊት ለፊት ተቀምጬ አባቴ ቀዘፈልኝ። ፍሬአብ ዳር ቆሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አየኝ፤ ምላሴን አወጣሁለት። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበትን ቀን ዛሬም ፈልጌ አላገኘሁም፤ ይህንን ማለት ያሳፍረኛል።

ኤሱማ ራሱ አይሱዙ ይዞ መጣና ጀልባዋን ጫነ። ከመሄዱ በፊት ብብቴን ይዞ አነሳኝ። «ወንፊት ናት የሚሏት ይቺ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም! ፀጉር እንኳ አታሳልፍም!»

«እንግዲያው ትምህርት ስትዘጉ ትመጪና አንቺን ነው መጀመሪያ የማሻግረው» አለ። ልብሱ ላብና ጭስ ይሸታል። ኡሚ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ መንገድ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች።

ጋሼ ጎሳዬ ከዝዋይ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቱን እየታጠበ አባቴ አጠገቡ ቆሞ ያወራዋል። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ጫማዬን አስራለሁ። ጋሼ ጎሳዬ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ቀና አለ።

«በምን ደፈንከው?»

አባቴ ነገረው።

«ውሃው ላይ ከዋለች ቆየች?»

«ሰነበተች።»

«ቲጃኒ፣ መተንፈሻ አልተውክላትም እኮ። ስታብጥ የት ትሂድ?» ድምፁ ተቀየረ። «ምስማሩን ነው የምትነቅለው። ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ መሃል ውሃ ላይ።»

አባቴ የሥራ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ወደ መናኸሪያ አቅጣጫ ሲሮጥ አየሁት። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ጎሳዬ ምቀኛ ነው፣ በእሱ ምክር የምታፈሰውን ጀልባ አባቴ ስላስተካከላት ቀንቶ ነው፣ አባቴንም በክፉ ንግግር ከቤት አስወጣው ብዬ ተናደድኩ። ፎጣውን ከገመዱ ላይ አወረድኩና ጭቃ ውስጥ ረገጥኩት። እሱ ቧንቧውን ክፍት ትቶ ሳሙናው ፊቱ ላይ እየደረቀ ቆሞ ስለነበር አላየኝም።

አባቴ አልደረሰም። ሚኒባሱ አሰንዳቦ ሲያወርደው ሰው ወደ ውሃው እየሮጠ ነበር።

ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያየሁት ከሰዓት በኋላ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በራችን ሲገቡ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ፣ ኡሚ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን በስሙ ስትጠራ ነው። ይዘዋት ሄዱ። እኔ ጎረቤት ቀረሁ። ከቀብር ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ኡሚ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ በቤቱ በር ገባች። አባቴ ዞሮ በመሥሪያ ቤቱ በር ገባ። ተከትዬው ገባሁ።

«ኤሱማን ምን ገደለው?»

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መጋዙን ምስማር ላይ ይሰቅላል። መጋዙ አልሰቀል አለው።

«ጉማሬ» አለ። «ጉማሬ ገለበጠው።»

አመንኩት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት ሳልገባ ቦዬ ድረስ እየሄድኩ ጉማሬዎቹ ላይ ድንጋይ ወረወርኩ። ከውሃው በላይ ጆሯቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ ድንጋዬ አንዴም አልደረሰም። ለዓመታት ነው ይህን ያደረግኩት፤ ጡት ካወጣሁ በኋላ ሁሉ። የግድቡም ውሃ ጉማሬ አለበት፤ ግን ያን ቀን በዚያ አካባቢ ጉማሬ ያየ ሰው እንዳልነበረ አሰንዳቦ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ፊት ግን አንድም ሰው አፉን አልከፈተም።

ቤታችን ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት ሆነ። ኡሚ ለአባቴ ታበስላለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ሲታመም ታስታምማለች። በዚያች በር ግን ዳግም ብቅ አላለችም። ስሙንም ተወችው። «ሳቢሪን፣ ምሳ ቀርቧል በይው ለአባትሽ» ትለኛለች፤ እሱ ግድግዳው ማዶ ሆኖ እየሰማት። በዒድ ቀን የእናቴ ዘመዶች ሲመጡ አባቴን በጣታቸው ጫፍ ነው የሚጨብጡት። ኡሚ የተቀየመችው ጉማሬውን ሄዶ ስላልገደለው ይመስለኝ ነበር። እኔም ትንሽ ተቀይሜዋለሁ።

ጋሼ ጎሳዬ ዕቃውን ይዞ ሲለቅ እሰይ አልኩ።

አባቴ ደግሞ አልጋ መሥራት ተወ። ቡፌም፣ ሳጥንም። በርጩማ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን። ገበያው ተቀይሮ ነው ብዬ ነበር። መጋጠሚያ የሌለው ሥራ መርጦ እንደሆነ የገባኝ ገና በቅርቡ ነው። ፀጉሬንም ከዚያ ወዲህ ነቅሎ አያውቅም።

አሁን አጋሮ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጅማ ገባሁና መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሳቀ፤ ፍሬአብ ነው፤ ከመንደራ ቆጪ ሰፈር ሄርማታ እየተመላለሰ ይሠራል።

«ወንፊት! እንዴት ነሽ?» አለኝ፤ ክፋት የለበትም፣ ለእሱ የልጅነት ስሜ ነው። «ጋሽ ቲጃኒ ደግሞ ጀመሩ አይደል? ሰፈሩ በሙሉ እየሄደ ያያቸዋል።»

«ምን ጀመረ?»

«ጀልባ ነዋ!»

እውነቱን ነው። ከእኔ ጥቂት የምታንሰው የኤሱማ ልጅ ናኢማ አሁን የልጆች እናት ናት። የእሷ ልጆች ትምህርት ቤት ማዶ ነው፤ እንደ አያታቸው ጊዜ በግንድ ነው የሚሻገሩት። መጥታ አባቴን ለመነችው። እንቢ አላት፤ ሁለተኛም እንቢ አላት፤ ሦስተኛው ላይ «የአባቴን ጀልባ የሠራህ አንተ ነህ፤ የእኔንም አንተ ነህ የምትሠራው» አለችው። ያን ዕለት ያንን ግማሽ ጀልባ የተሳለበትን ወረቀት ከሣጥን አወጣ። ኡሚ እኔ አጋሮ ሆኜ እንኳ በስልክ ለእሱ የምትልክብኝን መልእክት ለሳምንት ያህል አቋረጠች።

መሥሪያ ቤቱ ስገባ ጀልባዋ በሁለት ማስደገፊያ ላይ ተገልብጣለች። አባቴ ሸምግሏል፤ መነጽሩን በክር አስሮታል። ሳምኩትና እንደ ልጅነቴ ጀልባዋ ሥር ገባሁ። ከላይ በየመጋጠሚያው ብርሃን ይገባል።

«አባ፣ ክፍተት አለው እኮ።»

«አለው።»

«ረስተኸው ነው?»

«ምኑን እረሳለሁ።» ጣውላውን በመዳፉ ዳሰሰው። «ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ማበጫ ካላገኘ እርስ በእርሱ ይገፋፋል። ምስማሩ ይነቀላል፣ ጎኗ ይከፈታል። መሃል ውሃ ላይ።»

መሃል ውሃ ላይ። ቧንቧው ጋ የተባለው ቃል ነው፤ ሳሙናው፣ ፎጣው፣ ሁሉም ተከታትሎ መጣ። ከጀልባዋ ሥር መውጣት አቃተኝ።

«አባ፣ ያኔ ታዲያ ኤሱማ...»

«ጉማሬ ነው» አለ፣ ሳልጨርስ።

ወጥቼ አየሁት። ሊያየኝ አልቻለም። መላጊያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ውሸት አሁንም እንደ አዲስ ነው የያዘው። አባቴ ማወቅ ያለበትን ያውቅ ነበር፤ ሊታገስም ቆርጦ ነበር። የቆረጠውን ሐሳብ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰው ያላለውን ቃል እኔ ልጁ ነኝ ያልኩት።

«ስላለቀስኩ ነው የደፈንከው» አልኩት።

«ሳቢሪን፣ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ነገር እናትሽ ጋ እንዳይነሳ። ለእሷ የእኔ ጥፋት ነው፤ እንደዚያው ይሁን። አሁን በአንቺ ማዘን ከጀመረች አትችለውም።»

እሺ አልኩት። ቃሌን ልጠብቅ አስቤ ነበር፤ ወላሂ አስቤ ነበር። ግን ቤት ስገባ ኡሚ ጓዳው በር ላይ ምስር እየለቀመች «ምሳ ቀርቧል በይው ለአባትሽ» አለችኝ፤ ያኔ አልቻልኩም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኡሚ፣ ኤሱማን የገደለው ጉማሬ አይደለም።»

እጇ ሥራውን አልተወም። «አይደለም።»

«ጀልባዋ ናት። አባ መተንፈሻውን የደፈነው ግን ሙያ አጥቶ አይደለም። በእኔ ነው። ወንፊት ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ጀልባ መሥራት ካልቻልክ ብዬ ሰደብኩት። አንቺ ይሄን አታውቂም፤ ይሄን ሁሉ ዘመን እሱን ስትቀየሚ...»

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት።

«በሩ ላይ ቆሜ አልነበር እንዴ?» ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። «ምን እንዳልኩት አልሰማሽም። ‹ዲሲ፣ ተው፤ የጎሳዬን ወሬ አትስማ፤ አምጣትና ድፈናት› አልኩት። ‹አይሆንም፣ እንጨቱ ያብጣል› አለኝ። ‹ልጄ በሰው ፊት ስታለቅስ አንተ ስለ እንጨት ታወራለህ?› አልኩት። እኔ ነኝ፣ የአንቺ ለቅሶ ብቻ አይደለም። ወንድሜን በገዛ አፌ ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እሱን ብቻ...»

«ሀቢብን ቀብሬ ስመጣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር። አንጀቴ እየነደደ ነው፤ በማን ላይ ልወጣው? በአንቺ እንዳልወጣው ልጅ ነሽ። በራሴ እንዳልወጣው አብጄ እቀራለሁ፤ ማን ያሳድግሻል? የቀረው እሱ ነበር።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «አንድ ቀን ‹አንቺ ነሽ ያስደፈንሽኝ› ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ዘመዶቼ ፊት ሲነሱት እንኳ አላለም። ዝም ሲለኝ ጊዜ ቀለለኝ። እየቀለለኝ፣ እየቀለለኝ ይኸው አረጀሁ። አስተግፊሩላህ።»

ግድግዳው ማዶ የአባቴ መላጊያ ድምፅ ይሰማል። እኔና እሷ ተቀምጠን አዳመጥነው። ይቅርታ ልጠይቃት ይሁን ልቆጣት አላወቅኩም፤ ሁለቱም አፌ ላይ መጥቶ ሁለቱም ቀረ። እጄን ሰፌዱ ውስጥ ከትቼ ከእሷ ጋር ድንጋዩን ከምስሩ መልቀም ጀመርኩ።

ጀልባዋን ቦዬ የወሰድናት እሁድ ከሰዓት ነው። ልጆች ዛሬም ይከተላሉ፤ ዘንድሮ በስልክ ይቀርፃሉ። አባቴ እንደ ጥንቱ ሊወጣባት ሲል ጉልበቱ አስቸገረው፤ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው በየመጋጠሚያው መጣ። ቀዝቃዛ ነው። ቁርጭምጭሚቴን አለፈ፤ ጀልባዋ ሥሬ ቀስ ብላ ዝቅ አለች።

«ኧረ ታፈሳለች!» አለ አንድ ልጅ፤ ሌሎቹ ተንከተከቱ።

አባቴ ወደ ልጆቹ አልዞረም። ወደ እኔ ነው የዞረው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ ፊቴን መረመረ፤ አለቅስ እንደሆነ ለማየት። ያኔም እንዲህ ነበር ያየኝ ማለት ነው፤ እኔ ያኔ ወደ እሱ ስላልተመለከትኩ አላወቅኩም።

«ተዋት አባ» አልኩት። «ትጠጣ።» ፊቴ እንዳይቀየር ያለ የሌለ ኃይሌን ተጠቀምኩ።

መንገዱ ዳር የፍሬአብ ባጃጅ ቆመ። ኡሚ ወረደች። አትመጣም ብላን ነበር። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በጭቃው መጣችና አባቴ አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመች። ጀልባዋን አየች። ውሃ ውስጥ የቆምኩትን እኔን አየች።

«ቲጃኒ» አለች።

አባቴ ደነገጠ። በስሙ ከጠራችው ዘመን አልፎታል።

«ቲጃኒ፣ እስክትጠግብ ድረስ ማንም ቢልህ እንዳታወጣት።»

አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ልጆቹ እየሳቁብን ሦስታችንም እዚያው ቆምን።